የተፈጥሮ ጥበቃ ክበብ፦ በተቆራረጠው ቆላ ሜዳ ላይ የቡቃያ ቆጠራ

ከድሬዳዋ በስተሰሜን ወደ ሽንሌ የሚዘረጋውን ሜዳ መጀመሪያ የቆረጠው በ1895 ዓ.ም. ከተማችን የደረሰው የጅቡቲ ባቡር ሐዲድ ነው። ከዚያ ወዲህ አስፋልት፣ አዲሱ የባቡር መስመርና አጥር ተጨምረውበታል። ክበባችን ዘንድሮ የያዘው ጥያቄ በየቁራጩ መሬት የቀሩት እጽዋት ራሳቸውን እየተኩ ነው ወይ የሚል ነበር።

ይህን የሚመልሰው ቡቃያው እንጂ ትልቁ ዛፍ አይደለም። ግራርና የመፋቂያ ዛፍ (አደይ) ዕድሜያቸው ረጅም ስለሆነ፣ ምትክ ካጡ በኋላም ለብዙ ዓመታት ለምለም ሆነው ይቆማሉ። ተማሪዎቹ ከመንገዱ ዳር ወደ ውስጥ ገመድ ዘርግተው፣ በየ10 ሜትሩ 1 ሜትር በ1 ሜትር የሆነ የእንጨት ካሬ እያሳረፉ ከጉልበት በታች ያለውን ሁሉ በየዝርያው ቆጠሩ። እዚህ ላይ የሚያሳስተው ፍየል የቀረጠፈው ቁጥቋጦ ነው። አፈሩን ጫር አድርጎ ማየት ያስፈልጋል፤ ወፍራም ጉቶ ካለው ከአሮጌ ሥር ያቆጠቆጠ ነውና አይቆጠርም።

የሜዳው አፈር ጨዋማ ስለሆነና ጨው ቡቃያን ስለሚያግድ መጠኑንም ለካን። ለዚህም 20 ግራም የደረቀና የተነፋ አፈር ከ100 ሚሊ ሊትር የተነጠረ (ዲስቲልድ) ውሃ ጋር ለአንድ ሰዓት ተወዝውዞ፣ ሲጠል ከላይ ያለው ውሃ በኢሲ ሜትር (ውሃው ኤሌክትሪክ ምን ያህል እንደሚያስተላልፍ በሚያሳይ መሣሪያ) ይለካል፤ ጨው ሲበዛ ንባቡ ይጨምራል። የቧንቧ ውሃችን በማዕድን የከበደ ስለሆነ ንባቡን ከፍ ያደርገዋል። ሌላው ስህተት ይህን ንባብ የጨዋማ አፈር ወሰን ከሆነው 4 ዴሲሲመንስ በሜትር (የኢሲ መለኪያ አሃድ) ጋር በቀጥታ ማወዳደር ነው። ወሰኑ የወጣው ውሃ ጠጥቶ እንደ ሊጥ ለላላ አፈር ነው፤ የእኛው ስለቀጠነ ቁጥሩ ከዚያ እጅግ ያንሳል። ናሙናውም ሁሉ በአንድ ቀን መወሰድ አለበት፤ ዝናብ ጨዉን ወደ ታች ያጥበዋል፣ ፀሐይ መልሳ ታወጣዋለች።

በደረቅና ጨዋማ መሬት መቆራረጥ ከሁሉ በላይ የሚጎዳው የጎርፉን መንገድ በመዝጋቱ ነው። ከተራራው የሚወርደው ውሃ ቀድሞ ሜዳው ላይ ስስ ሆኖ ይንሰራፋ ነበር። አሁን የመንገዱ ድልድል ሲያግደው ከላይ በኩል ያቁራል፣ ሲተን ጨዉ ነጭ ቅርፊት ሆኖ ይቀራል። ከታች በኩል ደግሞ በቱቦ አፍ ብቻ ስለሚወጣ አንዱን ቦታ ሲሸረሽር ሌላው ይጠማል። ጨው የሚችሉ እጽዋት እንኳ ጨዉን የሚችሉት ካደጉ በኋላ ነው፤ አብዛኞቹ ዘራቸው የሚበቅለው ዝናብ የላይኛውን አፈር ጨው ሲያቀልለት ነው። ያቺ አጭር ጊዜ ካመለጠች የዓመቱ ቡቃያ ቀረ ማለት ነው። ባዶ የቀረውን ዳርቻ የሚይዘው ፕሮሶፒስ የተባለው እሾሃማ ወራሪ መጤ ዛፍ ነው፤ ፍሬውን ከብትና ፍየል በልተው ዘሩን በፋንድያቸው ይበትኑታልና።

በችግኝ ጣቢያችን የአደይ ፍሬ ከመዘራቱ በፊት ሥጋው ታሽቶ በውሃ ይታጠባል፤ ሥጋው ካልተላጠ መብቀሉን ያግዳል። በዱር ይህን የሚሠሩለት ፍሬውን የሚበሉት ወፎች ናቸው፤ ስለዚህ ወፍ ማረፊያ ባጣበት ቁራጭ መሬት ዘሩ ከእናቱ ሥር ወድቆ ይቀራል። ችግኞቹን ከክረምቱ በፊት ከድልድሉ በታች፣ አፋቸው ወደ ጎርፉ በዞረ የግማሽ ጨረቃ እርከኖች ውስጥ እንተክላለን፤ ቆጠራው በዚያው መስመር ይቀጥላል።