ለጤና ጣቢያችን አዋላጆችና ለሆስፒታሉ የጨቅላ ሕፃናት ክፍል የቀረበ የምስጋና መልእክት

ባለቤቴና ልጃችን ለዚህ ቀን በመብቃታቸው ከሁሉ አስቀድሞ ፈጣሪ ይመስገን። ቀጥሎም በጭንቃችን ወቅት ለደረሳችሁልን ባለሙያዎች ቤተሰባችን ልባዊ ምስጋናውን ያቀርባል።

በተለይ የማመሰግናቸው የጤና ጣቢያችንን አዋላጅ ሲስተር ነው። ባለቤቴ ለክትትል የሄደች ዕለት አመመኝ ያለችው ነገር አልነበረም፤ እግሯ ማበጡንም የእርግዝና ነው ብላ ንቃው ነበር። ሲስተር ግን ደም ግፊቷን 150/100 ሆኖ ሲያገኙት "መንገዱ አድክሟት ይሆናል" ብለው አልሸኟትም፤ አሳርፈው ደግመው ለኩ፣ ሽንቷን መርምረው ፕሮቲን አገኙበት፣ ራስ ምታትና የዓይን ብዥታ እንዳላት፣ የፅንሱ እንቅስቃሴም ቀንሶባት እንደሆነ አንድ በአንድ ጠየቁ፤ ከዚያም አምቡላንስ ጠርተው ራሳቸው አብረው ተሳፈሩ። ለመጀመሪያ ልጃችን ክትትል ያደረግንበት ሌላ ተቋም ግፊት ሳይለካ ካርድ የሚሞላበት ቀን ስለነበረ፣ ልዩነቱ አይጠፋንም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ነፍሰ ጡር ቢያንስ ስምንት ጊዜ እንድትታይ መክሯል፤ በየቀጠሮው በሚገባ ካልታየች ግን ስምንቱም ቢሆን ለፅንሱ የሚፈይደው ጥቂት ነው።

የሆስፒታሉ ሐኪም በትዕግሥት እንዳስረዱን፣ ሕመሙ ፕሪኤክላምፕሲያ ሲሆን፣ በእንግዴ ልጁ በኩል ለፅንሱ የሚደርሰውን ደም ስለሚቀንስ ፅንሱ ምግብና ኦክስጅን ያጥረዋል፤ እናቲቱንም እስከ ማንቀጥቀጥ ያደርሳታል። ስለዚህ ማንቀጥቀጡን ለመከላከል ማግኒዚየም ሰልፌት፣ እርግዝናው ገና 33ኛ ሳምንቱ ላይ በመሆኑም የፅንሱን ሳንባ ለማጎልበት ዴክሳሜታሶን ተሰጣት። ልጃችን 1.6 ኪሎ ሆና ብትወለድም ያለ መሣሪያ እገዛ መተንፈስ የቻለችው ለዚህ መርፌ ጊዜ በመገኘቱ እንደሆነ ነግረውናል፤ ጊዜውን ያስገኘው ደግሞ ያ ሁለተኛ ልኬት ነው።

የጨቅላ ሕፃናት ክፍል ነርሶች፣ ሌሊት ሳይቀር ወተቱን በሚሊ ሊትር ለክታችሁ በቱቦ መግባችኋታል፤ ገላዋን ከገላችን አጣብቀን የምናሞቅበትን የካንጋሮ እንክብካቤም አስተምራችሁናል። "ሕፃን በጨርቅ ይጠቀለላል እንጂ እንዲህ ይደረጋል?" ሲሉ የነበሩት አማቴን ያሳመናችሁበት ዘዴ ለእኔም አልተገለጠልኝም፤ ኋላ ላይ ተራ የሚሻሙት እሳቸው ሆነው ነበር።

ገና በእርግዝናው መጀመሪያ ቤታችን ድረስ መጥታ ክትትል እንድንጀምር የወተወተችንን የቀበሌያችንን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ፣ የአምቡላንሱን ሾፌርና ትልቁን ልጃችንን ያቆዩልንን ጎረቤቶቻችንን ጭምር እግዚአብሔር ውለታችሁን ይክፈልልን እንላለን።

የሕፃኗ ወላጆች