የአሮጌ ቪዲዮ ማጫወቻ ቀፎ ለቤት ውስጥ ሲኒማ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ቆራሌው የሚሸከማቸው አሮጌ የቪዲዮ ካሴት ማጫወቻዎች፣ ውስጣቸው ቢበላሽም ቀፏቸው ጠንካራ ብረት በመሆኑ፣ ከቴሌቪዥን ሥር የሚቀመጥ ድምፅ የማያሰማ የፊልም ኮምፒውተር ለመሥራት እጅግ ተስማሚ መሆናቸውን ለአንባቢያን ማሳወቅ እወዳለሁ። ሚኒ አይቲኤክስ የተባለው አነስተኛ ማዘርቦርድ (የኮምፒውተሩ ክፍሎች የሚገጠሙበት ዋና ሰሌዳ) ርዝመቱም ወርዱም 17 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ በውስጣቸው ይገባል።

ዋናው ጉዳይ ሙቀት ነው። እንደ ኢንቴል ኤን100 ያለ ኤሌክትሪክ ቆጣቢ ፕሮሰሰር (የኮምፒውተሩ አስሊ ክፍል) ያለ ፋን ሊሠራ ቢችልም፣ ከተማችን አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብላ ስለምትገኝና ስስ አየር ሙቀትን በሚገባ ስለማይወስድ፣ ክዳኑ ተበስቶ 12 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ፋን በዝግታ እንዲዞር ቢደረግ እመርጣለሁ፤ ትንሽ ፋን በፍጥነት እየጮኸ የሚገፋውን አየር ትልቁ በጸጥታ ይገፋዋልና። የካሴት ማስገቢያው ክፍተት አየር ያስገባል፤ ከጀርባው ስስ ስፖንጅ ቢለጠፍበት የሰፈራችንን የግንባታ አቧራ ያስቀራል። ለማከማቻም የሚሽከረከር ዲስክ ሳይሆን፣ ተንቀሳቃሽ ክፍል ስለሌለው ድምፅ የማያሰማው ኤስኤስዲ ይግባበት።

ነገር ግን የማጫወቻው የነባሩ ኃይል ሰጪ ካፓሲተሮች (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙ ክፍሎች) ሶኬቱ ከተነቀለም በኋላ አደገኛ ኤሌክትሪክ ሊይዙ ስለሚችሉ፣ ያንን ክፍል የጥገና ባለሙያ ያውጣው። ጥገና ቤቶችም ባዶ ቀፎዎችን ከመጣል ይልቅ ለሚሠሩ ወጣቶች ቢሸጡ መልካም ነው።

አንባቢያችሁ፣ ከቱሉ ዲምቱ