ሳይክሉ አደባባዩ ጋ ሲደርስ የት ይገባል?

ሰላም ለዝግጅት ክፍላችሁ። ስለ ኮሪደር ልማት የምታወጡትን አነባለሁ፣ ሁሌ ምትፅፉት ግን ይሄን ያህል ኪሎ ሜትር እግረኛ መንገድ፣ ይሄን ያህል ኪሎ ሜትር የሳይክል መስመር ተሰራ ነው። ጥሩ፣ ይሰራ። ግን ሳይክሉ አደባባዩ ጋ ሲደርስ የት ነው ሚገባው? ይሄን ሚጠይቅ ሰው አላየሁም።

የተሰራውን አልክድም። ከአራት ኪሎ በቀበና አድርጎ መገናኛ ያለውን መንገድ ድሮ በእግሩ የሄደበት ሰው ያውቀዋል፣ ክዳን የሌለው ቱቦ እየዘለልክ፣ የአሸዋ ክምር እየዞርክ፣ መጨረሻ ላይ አስፋልት ወርደህ ከአይሱዙ ጋ እየተጋፋህ ነበር፣ አሁን ማታ እንኳን መብራት አለ ሰው ልጆቹን ይዞ ወክ ያደርጋል (ለመንገዱ ሲባል ቤታቸው ስለፈረሰባቸው ሰዎች ራሱን የቻለ ደብዳቤ ያስፈልጋል፣ ረስቼው አደለም)።

እኔ ሳይክል ነጂ ነኝ። መስመሩ ላይ እያለሁ ማንም አይነካኝም፣ መጋጠሚያ ስደርስ ግን መስመሩ እዛው ያልቃል፣ ቀለም የለ ምልክት የለ፣ ወይ ወርጄ እየገፋሁ ከእግረኛው ጋ ዜብራ ላይ እሻገራለሁ ወይ ሚኒባሶቹ መሀል ገብቼ እግዜር ያውቃል ብዬ እወጣለሁ፣ ባለ ሚኒባሱ ደሞ ረዳቱ "ወራጅ አለ" ካለው ጥግ ይይዛል እንጂ በቀኝ በኩል ሳይክል ይኑር አይኑር አያይም። ዜብራውም ብዙ ቦታ ቀለሙ ለቋል፣ ባይለቅም ሾፌሩ ሚቆመው ትራፊክ ፖሊስ ካየ ነው። ሰው ደሞ ሚገጨው ሲሻገር ነው፣ ሰፊው እግረኛ መንገድ ላይ ቀጥ ብሎ ሲሄድማ ምን ይነካዋል። በዚች ከተማ ከግማሽ በላይ የሆነው ጉዞ በእግር ነው፣ በመኪና አደጋ ከሚሞተውም አብዛኛው እግረኛ ነው፣ ስለዚህ የማቋረጫው ጉዳይ የጥቂት ሳይክል ነጂዎች ቅንጦት አደለም።

ቀለበት መንገድን እዩት። መሀሉን በግንብ ዘጉት፣ እግረኛውን ድልድይ ውጣ አሉት፣ ይሄው ሀያ ዓመት አለፈው ሰው አሁንም ግንቡን እየዘለለ ነው። እግረኛውን ቅጡት ሚሉ አሉ። እስቲ አስቤዛ የተሸከመች እናት፣ ጉልበታቸውን ሚያማቸው አባት፣ ዊልቸር ላይ ያለ ሰው ያን ሁሉ ደረጃ እንዴት ነው ሚወጣው? ባቡሩም በ2008 ስራ ሲጀምር ከመገናኛ እስከ አያት ያለውን ሰፈር ለሁለት ከፈለው፣ ማዶ የሚታይህ ሱቅ ለመድረስ መሻገሪያ ፍለጋ ስንት ትዞራለህ። ይሄን ስህተት አይተን አዲሱ ላይ መድገም ምን ሚሉት ነው?

አዲስ አበባ ዳገት ናት ሳይክል አይሆናትም ሚባለውም ሰለቸኝ። እንጦጦ በሳይክል ውጡ ያለ የለም፣ ከጀሞ ለቡ፣ ከቦሌ ገርጂ ማን ይከለክላል፣ ታክሲ ሰልፍ ላይ ከመቆም ይሻላል።

መፍትሄው ደሞ ብዙ ብር ሚፈጅ አደለም። ዜብራውን እንደ ብሬከር ከፍ አርጎ ከእግረኛ መንገዱ እኩል ማድረግ ነው፣ ሾፌሩ ወደደም ጠላም ይቀንሳል፣ እግረኛው ደሞ መውረድ መውጣት የለበትም። ለገሃር መጋጠሚያ ላይ ከዓመታት በፊት ጥግ ጥጉን በቀለም አጥብበው ሰው ሚሻገርበትን ርቀት አሳጥረውት ነበር፣ ማለት እዚሁ ከተማ ውስጥ ተሞክሯል። እግረኛና መኪና ሚደባለቅበት ቦታ ፍጥነት በሰዓት ከ30 ኪሎ ሜትር አይለፍ ብሎ የዓለም ጤና ድርጅትም ይመክራል። ለእግረኛና ለሳይክል የአስር ዓመት አገር አቀፍ ስትራቴጂ በ2012 ወጥቷል፣ ከዛ በፊት በ2011 መንገድ ለሰው ተብሎ እሁድ እሁድ መንገድ እየተዘጋ ስፖርት ተሰርቷል፣ ደስ ይል ነበር፣ ሰኞ ጠዋት ግን መኪናው ተመልሶ ይመጣል።

ስለዚህ የምክር ቤት አባሎቻችንን ምጠይቀው አንድ ነገር ነው። የዘንድሮ በጀት ሲቀርብላችሁ ኪሎ ሜትሩን ብቻ ሰምታችሁ እጅ አታውጡ፣ የትኛው አደባባይ፣ የትኛው ማቋረጫ፣ መቼ ነው ሚስተካከለው፣ መስመሩ ከኮንዶሚኒየም ሳይቶቹ ጋ በየት በኩል ይገናኛል ብላችሁ ዝርዝሩን በፅሁፍ ተቀበሉ። እናንተም አዘጋጆች ዝርዝሩ ከተገኘ በየሰፈሩ ለይታችሁ አትሙልን፣ እኛ በየሰፈራችን እየዞርን እናየዋለን።

ከሰላምታ ጋር
የሰሚት ነዋሪ