ፕሮጀክቱን ተማሪው ራሱ ይሥራው

ለአዘጋጁ፣

ስልክ ትምህርት ቤት ይግባ ወይስ ይከልከል የሚለው ክርክር በየጊዜው ይነሳል። ወላጁም፣ ርዕሰ መምህሩም፣ የትምህርት ባለሙያውም የየራሱን ይላል። እኔ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ አስተምራለሁ። በዚህ ክርክር ውስጥ ሲነሳ የማልሰማው አንድ ነገር አለ። ቴክኖሎጂው ትምህርታችን ውስጥ ከገባ ቆይቷል። የገባው ግን በክፍሉ በር ሳይሆን ተማሪው ቤቱ ወስዶ በሚሠራው ፕሮጀክት በኩል ነው። እዚያ ደግሞ መምህር የለም።

እንዴት እንደሚሠራ መምህር የሆነ ሁሉ ያውቀዋል። ተከታታይ ምዘና ስላለ ፕሮጀክት እንሰጣለን። ተማሪዎቹ በቡድን ይከፋፈላሉ። አንዱ ብር ይሰበስብና ኢንተርኔት ቤት ሄዶ ርዕሱን ይናገራል። የኢንተርኔት ቤቱ ልጅ ፈልጎ፣ ኮፒ አድርጎ፣ ያማረ ሽፋን ሠርቶ፣ የቡድኑን አባላት ስም በሙሉ ጽፎ ይጠርዝለታል። አሁን አሁን እዚያ ድረስ መሄድም እየቀረ ነው፤ ቻትጂፒቲ በደቂቃ ያወጣዋል። እንግሊዝኛው እንከን አይወጣለትም። «እስቲ ይቺን አንቀጽ አስረዳኝ» ሲባል ግን ልጁ ወረቀቱን ገና ያን ጊዜ ማንበብ ይጀምራል።

በልጆቹ አልፈርድም። «ስለ ኒውተን ሕጎች አምስት ገጽ ጽፋችሁ አምጡ» ከተባሉ ምን ያድርጉ? ርዕሱ ራሱ ኮፒ አድርጉኝ የሚል ነው። የሚያሳዝነኝ ሌላ ነው። የብዙ ቤተሰብ ልጅ ለሽፋንና ለፕሪንት የሚከፍለው የታክሲና የምሳ ብሩን ነው። ከፍሎም አንዳች ነገር ሳይማር ይወጣል።

መፍትሔው ስልኩን ከትምህርት ማራቅ ብቻ ነው ብዬ አላምንም። ፕሮጀክቱን ወደ ክፍል መመለስ አለብን። ስልኩም መምህሩ ባለበት፣ ከሌላ ሰው ሊቀዳ የማይችል ነገር ለመለካት ይዋል።

ምን ማለቴ እንደሆነ በምሳሌ ላስረዳ። የ11ኛ ክፍል ተማሪዎቼ የምድርን የስበት ፍጥነት ለውጥ፣ ማለትም የሚወድቅ ነገር ፍጥነት በየሰከንዱ የሚጨምርበትን መጠን ይማራሉ። 9.8 ሜትር በሰከንድ ካሬ መሆኑን ሁሉም በቃሉ ይወጣዋል። ከየት እንደመጣ ግን አይጠይቅም። ርዕሰ መምህሩን አስፈቅጄ የራሴን ስልክና ከባልደረቦቼ የተዋስኳቸውን ሁለት ስልኮች ይዤ ገባሁ። ግድግዳው ላይ በጠመኔ 2 ሜትር ለካን። አንዱ ስልክ ዴስክ ላይ ተደግፎ ቆመ። አንዷ ተማሪ ወንበር ላይ ወጥታ ኳሱን ከምልክቱ ላይ ለቀቀች። ሌላው ቀረጸ። ከዚያ ቪዲዮውን ፍሬም በፍሬም እያሳለፉ ኳሱ መሬት እስኪነካ ስንት ምስል እንዳለ መቁጠር ነው።

ተራ የስልክ ካሜራ በሰከንድ 30 ፍሬም ገደማ ያነሳል። አንዱ ቡድን 19 ቆጠረ። ፍሬሙን ወደ ሰከንድ ቀይረው ከ2 ሜትሩ ጋር ሲያሰሉት የስበቱ መጠን ወደ 10 ተጠጋ። ሁለተኛው 20 ቆጥሮ 9 ላይ ወደቀ። ሦስተኛው 18 ብሎ ከ11 አለፈ። ክፍሉ ተናወጠ! «ኳሱ ከእጇ የወጣው የቱ ፍሬም ላይ ነው?» የሚል ጭቅጭቅ ተነሳ። አንድም ቀን እጁን አውጥቶ የማያውቅ ልጅ ብድግ ብሎ የአንድ ፍሬም ስህተት ውጤቱን 10 በመቶ ያህል እንደሚያዛባው ሰሌዳ ላይ ሠርቶ አሳየ። ያኔ የአንዱን ስልክ ስሎው ሞሽን ከፈትን። በሰከንድ 240 ፍሬም ሲሆን አንድ ፍሬም ብትሳሳት የሚያመጣው ለውጥ ከ1 በመቶ ብዙም አይበልጥም። ስለ መለኪያ ስህተት ሰሌዳ ላይ ስጽፍላቸው የኖርኩትን ነገር ራሳቸው ደረሱበት።

ይህን ፕሮጀክት ከኢንተርኔት ቤት መግዛት አይቻልም። ቪዲዮው የእነሱ ነው፤ ኳሱን የለቀቀችው እጅ የክፍል ጓደኛቸው ናት። ቻትጂፒቲም ቢሆን የእነሱ ኳስ ስንት ፍሬም እንደፈጀ አያውቅም።

ዳታ አልተጠቀምንም፤ የተከፈለም ብር የለም። ሌላም መንገድ አለ። ፋይፎክስ የሚባል በጀርመን የአኽን ዩኒቨርሲቲ ያዘጋጀው ነፃ አፕ የስልኩን ማይክሮፎንና ሌሎች ሴንሰሮች የመለኪያ መሣሪያ ያደርጋቸዋል። አንዴ ከተጫነ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ሁለት ስልክና ሁለት ጭብጨባ ካለ የድምፅን ፍጥነት መለካት ይቻላል። ቤተ ሙከራው ባዶ የሆነ ትምህርት ቤት ይህን ዕድል ሊያልፈው አይገባም።

ክልከላውን የሚደግፉ ወገኖች ስጋት ይገባኛል። ዩኔስኮም እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ዓለም አቀፍ የትምህርት ክትትል ሪፖርት ስልክ ክፍል ውስጥ ትኩረት እንደሚሰርቅ ጠቅሶ፣ ቴክኖሎጂ መግባት ያለበት ትምህርቱን ሲያግዝ እንደሆነ ተናግሯል። እኔም የምለው ከዚህ አይወጣም። ቀኑን ሙሉ ቲክቶክ ኪሱ ውስጥ የሚርገበገብበት ተማሪ እንዲኖረኝ አልፈልግም። የተማሪ ፊት ተቀርጾ እንዳይለቀቅም እሰጋለሁ፤ ስለዚህ ካሜራው ወደ ግድግዳው ብቻ ይዞራል፣ ቪዲዮውም ስሌቱ እንዳለቀ እዚያው እኔ ፊት ይጠፋል። ሌላም ያስተዋልኩት አለ። ቡድን ውስጥ ስልኩን ወንዶቹ ይይዙታል፣ ሴቶቹን ጸሐፊ ያደርጓቸዋል። በየዙሩ ቦታ እንዲቀያየሩ ካላደረግን ቴክኖሎጂው የቆየውን አድልዎ ይዞት ይቀጥላል።

ስልክ የሌለው ተማሪስ? ይህ ትክክለኛ ጥያቄ ነው። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ትምህርቱን በቴሌግራም ለመላክ ሞከርን። ስልክ ያለው ልጅ ተከታተለ፣ የሌለው ቀረ። ያ ግን የሆነው እያንዳንዱ በየቤቱ ስለነበረ ነው። ክፍል ውስጥ አንድ ስልክ ለአንድ ቡድን ይበቃል፤ ማን ስልክ አለው ማን የለውም የሚባል ነገርም አይኖርም።

ቴክኖሎጂ ከመምህሩ በላይ ሆኖ ሲመጣ ምን እንደሚሆንም አይተናል። በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ፕላዝማ የምንለው የቴሌቪዥን ትምህርት ገባ። ትምህርቱ በሳተላይት፣ በእንግሊዝኛ ይተላለፍ ነበር። ተማሪው ባይገባውም አያስቆመውም፤ መምህሩም አያስቆመውም። መብራት ከጠፋ ትምህርቱ አመለጠ ማለት ነው። ብዙ ወጪ የወጣበት ነገር ነበር። ዴስክ ላይ የተደገፈችው ስልክ ግን መምህሩ ባለው ሰዓት ትቆማለች፣ ተማሪው በጠየቀ ቁጥር ወደ ኋላ ትመለሳለች።

ችግሬ ሦስት ስልክ ከሃምሳ በላይ ለሆነ ክፍል አለመብቃቱ ነው። ግማሹ ክፍል ተራ ሲጠብቅ ክፍለ ጊዜው ያልቃል። ኮምፒውተሮቻችንም በተቆለፈ ክፍል ውስጥ አቧራ ለብሰው ተቀምጠዋል፤ ቁልፉ አንድ ሰው ጋ ነው፣ እሱ ከሌለ አይከፈትም።

ስለዚህ የሚመለከታቸውን አካላት የምጠይቀው ይህን ነው። የሥልጠና ቀን ሲመጣ ፓወርፖይንት ከምታሠለጥኑን በየትምህርት ዓይነታችን አንድ አንድ ሙከራ በስልክ ሠርተን እንድንወጣ አድርጉ። የፕሮጀክት ማርክ ሲሰጥ ለጥራዙ ሳይሆን ለጥሬው መለኪያና ተማሪው ቆሞ ለሚያስረዳው ይሁን። በስልክ ክልከላው ላይ ደግሞ አንድ መስመር ይጨመር፤ መምህሩ አስቀድሞ በጽሑፍ ላስፈቀደበት ክፍለ ጊዜ ለአንድ ቡድን አንድ ስልክ ይፈቀድ። ስልኮቹን ጠዋት በር ላይ ከጥበቃዎቹ ጋር ቆጥሬ ተቀብዬ ክፍለ ጊዜው እስኪደርስ ለማስቀመጥ፣ ሲያበቃም ቆጥሬ ለመመለስ እኔ ፈርሜ ኃላፊነቱን እወስዳለሁ።

ከአክብሮት ጋር
የፊዚክስ መምህር፣ አዲስ አበባ