የታካሚን እርካታ ማን፣ መቼና የት ይጠይቅ?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

የመንግሥት ሆስፒታሎቻችን በየሩብ ዓመቱ በሚያቀርቡት ሪፖርት ውስጥ የታካሚዎች እርካታ በመቶኛ ተሰልቶ ይቀመጣል፤ አኃዙም ብዙ ጊዜ ከፍ ያለ ነው። በተኝቶ ታካሚም በተመላላሽ ክፍልም በነርስነት ያገለገልኩ፣ ኋላም በሆስፒታል የጥራት ክፍል ውስጥ መጠይቁን ይዤ ታካሚዎችን ስጠይቅ የኖርኩ ሰው እንደመሆኔ፣ አጠያየቃችን ታካሚውን በእርግጥ የሚያስደስተውንም የሚያስከፋውንም ነገር እያሳለፈብን መሆኑን ለአንባቢዎቻችሁ ማስረዳት እፈልጋለሁ።

ጠያቂው ነጭ ጋውን የለበሰ የሆስፒታሉ ሠራተኛ ነው። ተጠያቂው ደግሞ በሚቀጥለው ወር ለቀጠሮ ወደዚያው ክፍል የሚመለስ ሰው ነው፤ ስለዚህ ቅር ቢለውም አይናገርም። አንድ ከገጠር የመጡ አዛውንት መውጫው በር ላይ ስንጠይቃቸው ሐኪሙንም፣ ነርሶቹንም፣ እኛንም መርቀው «እግዚአብሔር ይስጣችሁ፣ ሁሉም ደህና ነው» አሉን። በእጃቸው የያዙት የመድኃኒት ማዘዣ ላይ ግን ከታዘዙላቸው መድኃኒቶች ግማሾቹ ትይዩ «የለም» ተብሎ ተጽፎ ነበር። የጎደሉትን ከየት እንደሚገዙ፣ ስንት ብር እንደሚፈጁና ሳይገዙ ቢቀሩ ምን እንደሚከተል የነገራቸው አልነበረም፤ እርሳቸውም የመጨረሻው አውቶቡስ እንዳያመልጣቸው ወደ መናኸሪያ እየተጣደፉ ነበር። መጠይቁ ላይ የሰፈረው «በጣም ረክተዋል» የሚል ነው።

በእኔ እምነት፣ ታካሚ ደስ ብሎት ወይም አዝኖ ወደ ቤቱ እንዲገባ ከሚያደርጉት ነገሮች ሁሉ የመድኃኒት በግቢው ውስጥ መገኘት የሚበልጠው የለም። እ.ኤ.አ. በ2011 በ13 ወረዳዎች በሙከራ ተጀምሮ ዛሬ አብዛኛውን የአገሪቱን ክፍል ያዳረሰው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ይህን ጉዳይ ይበልጥ አጉልቶታል። አርሶ አደሩ የዓመት መዋጮውን የሚከፍለው ሲታመም ከኪሱ እንዳያወጣ ተብሎ ነው። የሆስፒታሉ መድኃኒት ቤት «ከውጭ ግዙ» ብሎ ሲያሰናብተው ግን፣ ሆስፒታሉ ወይም መድኑ ውል የገባበት ሌላ መድኃኒት ቤት ከሌለ፣ ወጪው ተመልሶ እርሱ ላይ ይወድቃል። እንዲህ ያለ ሰው በሚቀጥለው ዓመት አባልነቱን ለማደስ ቢያመነታ የሚያስወቅሰው አይመስለኝም።

ሁለተኛው ወረፋ ነው። በዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የምንነጋገረው ስለ ርዝመቱ ነው፤ እኔ ያየሁት ግን ሰውን ከርዝመቱ ይልቅ ምን እየጠበቀ እንደሆነ አለማወቁ ይበልጥ እንደሚያንገበግበው ነው። ሌሊት ተነሥቶ ካርድ ክፍል በር ላይ የተሰለፈ ሰው ካርዱ ከወጣለት በኋላ ተመላላሽ ክፍሉ አግዳሚ ወንበር ላይ ይቀመጣል። ሐኪሞቹ በዚያ ሰዓት የተኙ ታካሚዎችን እየዞሩ በመጎብኘት ላይ ናቸው፤ ይህ የግድ የሆነ ሥራ ነው፤ አግዳሚው ላይ ያለው ሰው ግን የሚያየው ባዶ ክፍል ብቻ ነው። ቀደም ሲል በሠራሁበት አንድ ክፍል ተረኛ ነርሷ በየጠዋቱ ወጥታ «ሐኪሞቹ ዙር ላይ ናቸው፣ 4 ሰዓት ላይ ይጀምራሉ፣ የላብራቶሪ ናሙና የሚወሰደው ከሰዓት በፊት ስለሆነ ናሙና ያልሰጣችሁ ቀድማችሁ ስጡ፣ ውጤት የያዛችሁ በዚህ በኩል ሁኑ» ትል ነበር። ሐኪም አልተጨመረም፣ ወረፋውም አላጠረም፤ በር እየደበደቡ መጨቃጨቁ ግን ቀረ። ናሙና ሳይሰጥ የዋለ የሩቅ አገር ሰው በከተማው አልጋ ተከራይቶ ማደር እንዳለበት ስናስብ፣ ይህች አጭር ማስታወቂያ የምታድነው ገንዘብም ጭምር ነው።

የመጸዳጃ ቤት ንጽሕናና የውኃ ነገር ብዙ የተባለበት ስለሆነ አልደግመውም። ይልቅ ትኩረት ያነሰው የሕመሙን ምንነት ማስረዳት ነው። ሐኪሞችና ተማሪዎች አልጋውን ከብበው በእንግሊዝኛ ይወያያሉ፤ ሲጨርሱ ወደሚቀጥለው አልጋ ያልፋሉ። ታካሚው ስለ ራሱ ብዙ እንደተነገረ ያውቃል፣ ምን እንደተባለ ግን አያውቅም። አማርኛ የማይናገር ከሆነ ደግሞ አስተርጓሚው ወይ አጠገቡ የተኛው ታካሚ ነው ወይ የጽዳት ሠራተኛዋ። ደም ወደ ላብራቶሪ የሚያመላልሰው፣ ጓንትና መርፌ የሚገዛው አስታማሚም የሚጠይቀው ብዙ ነገር አለ፤ የምናነጋግረው ግን ዕቃ እንዲያመጣ ስንልከው ብቻ ነው።

ከ2008 እስከ 2012 ዓ.ም. የተተገበረው የጤናው ዘርፍ የለውጥ ዕቅድ ሩህሩህ፣ አክባሪና ተንከባካቢ ባለሙያ ማፍራትን ከአራቱ ዋና አጀንዳዎች አንዱ አድርጎት ነበር። ሐሳቡን ከልቤ እደግፈዋለሁ፤ ታካሚን ማመናጨቅ በምንም ምክንያት ይቅር የሚባል አይደለም። ነገር ግን በሌሊት ተራ አንዲት ነርስ ሙሉ ክፍል ይዛ፣ የዱቲ (የተረኝነት) ክፍያዋ ለወራት ሳይከፈላት፣ የጠየቃትን ሁሉ በእርጋታ እንድታስረዳ ከሥልጠናና ከግድግዳ ጽሑፍ ብቻ መጠበቅ አይቻልም። የታካሚው እርካታ ከባለሙያው አያያዝ ተነጥሎ ሊታይ አይገባም።

ስለዚህ የጤና ሚኒስቴርና የክልል ጤና ቢሮዎች ሦስት ነገሮችን እንዲያስቡባቸው እጠይቃለሁ። መጠይቁ በሆስፒታሉ ሠራተኛ በር ላይ መሞላቱ ይቅርና ከሆስፒታሉ ውጭ በሆነ አካል፣ ታካሚው ቤቱ ከገባ ከሳምንት በኋላ፣ ካርዱ ላይ ባስመዘገበው ስልክ ይደረግ። ጥያቄዎቹም «ረክተዋል?» ከማለት ይልቅ የታዘዘልዎትን መድኃኒት ሁሉ እዚያው አገኙ ወይ? ሕመምዎ ምን እንደሆነ በሚገባዎት ቋንቋ የነገረዎት ሰው አለ ወይ? ከመጡበት ሰዓት ጀምሮ ሐኪም እስኪያይዎት ስንት ሰዓት ፈጀ? ከኪስዎ ምን ያህል ከፈሉ? የሚሉ ይሁኑ። ውጤቱ ደግሞ መዝገብ ቤት ከሚቀመጥ ለሆስፒታሉ ሥራ አመራር ቦርድ ይቅረብ፣ ካርድ ክፍሉም ደጃፍ ላይ ይለጠፍ። ሆስፒታሎች የውስጥ ገቢያቸውን ለራሳቸው አገልግሎት ማሻሻያ እንዲጠቀሙ ስለተፈቀደላቸው፣ ቦርዱ የጎደሉትን መድኃኒቶች ለማሟላትና በየተመላላሽ ክፍሉ መረጃ የሚሰጥ አንድ ሰው ለመመደብ ከዚያው በጀት ሊወስን ይችላል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የነርሲንግ ባለሙያ