የሽቦ መኪናችን ሙዚየም ይግባ

ለአዘጋጁ፦

ስለ ድሮ የልጅነት መጫወቻዎች ያወጣችሁትን ጽሑፍ አንብቤአለሁ። ትዝታው ደስ ይላል፤ ትዝታ ላይ ብቻ መቆሙ ግን ቅር አሰኝቶኛል።

በ1970ዎቹ ጅማ ላይ ያደግን ብዙዎቻችን መጫወቻ የምንገዛበት ገንዘብ አልነበረንም። እንሠራ ነበር። ለሽቦ መኪና የተጣመመ ሽቦ ይቃናል፤ ጎማው ከቆርኪ ወይም ካለቀ ነጠላ ጫማ ይወጣል፤ ረጅሙ መሪ ደግሞ የፊት ጎማዎቹን እንዲያዞር ተደርጎ ይታሰራል። መለካትንና መጠገንን የለመድነው በዚህ ነው፣ ያውም ያለ አስተማሪ። የካልሲ ኳስ፣ ብይና ሰኞ ማክሰኞም አማርኛ ተናጋሪውንና ኦሮምኛ ተናጋሪውን ልጅ አንድ ደጅ ላይ ያውሉን ነበር።

እነዚህ መጫወቻዎች ከውዳቂ ነገር ስለተሠሩ ለማስቀመጥ ያሰበ ሰው ብዙም አልነበረም። የሠሯቸው ሰዎች ግን ዛሬም በከተማችን አሉ። የጅማ ሙዚየም የአባ ጅፋርን ቅርሶች እንደያዘልን ሁሉ፣ አንድ መደርደሪያ ለልጆች መጫወቻ ይስጥልን። ትምህርት ቤቶችም በክረምት ዕረፍት እነዚህን ሰዎች ጋብዘው ልጆቹን የሽቦ መኪና ያሠሯቸው። ጥሩ ሆነው የወጡት እዚያው መደርደሪያ ላይ ከነሠሪው ስም ይቀመጡ።

አንድ አንባቢ፣ ከጅማ