ሮለር ልኬልሻለሁ

ሰላም ነው የኔ ቆንጆ?

ጠፋን አይደል? ከኮሮና ወዲህ በበዓል በበዓሉ «እንኳን አደረሰሽ» ከመባባል ሌላ ወሬ የለንም። ማን ጠፋ፣ ማን ሳይደውል ቀረ የሚለውን ከጀመርነው አንጨርሰውም፤ እሱን ተይው። ልጆቹ ደህና ናቸው። ሥራ አለ። እዚህ አሜሪካ ሲልቨር ስፕሪንግም ያው እንደምታውቂያት ናት፣ ሐበሻው ብቻ በዝቷል። ዛሬ የምጽፍልሽ ቴሌግራም ላይ ስለለጠፍሻቸው ካርዶች ነው።

የቀለም ምርጫሽ ድሮም ግሩም ነው። የጥለት ቁራጭና የድሮ ጋዜጣ አንድ ካርድ ላይ ማገናኘትሽን ሳይ ቀናሁ፣ አልዋሽሽም። ግን ወረቀቱ ተጨማዷል። ፎቶውን አጉልቼ አየሁት፤ መሃሉ አየር ይዞ ተነፍቷል፣ ጠርዙ ደግሞ ለቆ ቆሟል። በጣትሽ ነው አይደል የምትጫኚው? ገምቻለሁ። ስለዚህ የእጅ ሮለር ልኬልሻለሁ። በሚቀጥለው ሳምንት የምትመጣ ልጅ አለች፣ ስልክሽን ሰጥቻታለሁ፣ ራሷ ትደውልልሻለች።

ግድግዳ የሚቀባበት ፀጉራሙ ሮለር እንዳይመስልሽ። ይሄኛው ወርዱ 4 ኢንች፣ ማለትም 10 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ እጀታ ላይ የሚሽከረከር ድፍን ጎማ። እዚህ ጆአን የሚባለው ትልቁ የጨርቅና የእጅ ሥራ ሱቅ በ2025 ቅርንጫፎቹን ሁሉ ሲዘጋ ሰዉ ጨርቅ ላይ ሲሻማ እኔ ሮለሮቹ ጋ ነበርኩ። ሁለት ገዛሁ። አንዱ ያንቺ ነው።

ዕቃው የአታሚዎች ነው። እንጨት ወይም ሊኖሊየም የሚባለውን የወለል ንጣፍ ቀርጸው የሚያትሙ ሰዎች ቀለሙን የሚያለብሱት በዚህ ነው። ለእኛም አገር አዲስ አይደለም፤ ሠዓሊው አለ ፈለገሰላም ባቋቋሙት የአዲስ አበባ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ውስጥ በ1960ዎቹ ፈረንጅ አቆጣጠር ሃንሰን ባሂያ የሚባል ጀርመን ተወልዶ ብራዚል የኖረ ሰው የእንጨት ቅርጽ ኅትመት ያስተምር ነበር። ሠዓሊው ዘሪሁን የትምጌታ ከሱ ዘንድ ተምሯል። አስታወስሽ፣ በቀርከሃ ላይ የሚሠራው? አንቺ ስታይው አፍሽን ከፍተሽ የቀረሽበት።

በይ ወደ ሥራው። መጀመሪያ ቀለሙን እርሺው፣ ከማጣበቁ ጀምሪ፤ ችግርሽ እዚያ ነው።

ወረቀት ኮላ ሲነካው ውሃ ይጠጣል፣ ሲጠጣ ይሰፋል። ከላይ የለጠፍሽው ሲሰፋ ከሥር ያለው ካርቶን ደግሞ እንዳለ ቁጭ ይላል፣ በዚህ መሃል ነው የሚጨማደደው። እና ኮላውን በውሃ አታቅጥኚው። ቪኒል ኮላ ከሆነ እንዳለ፣ በሰፊ ብሩሽ፣ ስስ አድርገሽ፣ ከካርዱም ከሚለጠፈውም ቀቢ። አስቀምጪው። ከዚያ ከላዩ የመጋገሪያ ወረቀት ጣል አድርጊበት፤ ከሌለ ፌስታል ቀደሽ ዘርጊው። ይሄን ካልሸፈንሽ ኮላው ሮለሩ ላይ ይወጣና ቀጥሎ የምትሠሪውን ሁሉ ያበላሽብሻል። ከዚያ ከመሃል ወደ ጠርዝ ግፊው፣ መጀመሪያ በቀስታ፣ አየሩ ሲወጣ ደግሞ ጠበቅ አድርገሽ። ከጠርዝ ወደ መሃል ከገፋሽ አየሩን ራስሽ አስረሽው ታርፊያለሽ። አያቶቻችን ጥጥ ሲዳምጡ አይተሻል አይደል? ብረቷን ድንጋዩ ላይ ሲያንከባልሉ ጉልበቱ ከክንድ ነው፣ ግን ሁለቱም እጅ እኩል ነው የሚጫነው። እንደዚያ ነው። አንድ ወገን ከከበደ ወረቀቱ ይሸሻል።

ካርዱ ሲደርቅ ከተቆለመመ ጀርባውም ላይ አንድ ወረቀት ለጥፊ። ሁለቱ ወገን እኩል ሲሳሳብ ቀጥ ይላል። ከዚያ ከባድ መጽሐፍ ጫኚበትና አሳድሪው።

ጋዜጣውን በተመለከተ ደግሞ አንድ ነገር ልንገርሽ። ጋዜጣ ቢጫ ይሆናል፣ ቀለሙም ሲታሽ ይለቃል። ፎቶ ኮፒ አስነሺው። በዱቄት ቀለም የሚሠራ ማሽን ይሁን እንጂ፣ ጠርሙስ ቀለም የሚጠቀመው ፕሪንተር ያወጣው ወዲያው ይዝረከረካል። ኮፒ ቤት ያለው አብዛኛው የዱቄት ነው፣ ግን ጠይቂ።

አሁን ወደ ቀለም። የምወደው ክፍል ነው፣ ስለዚህ ልለፍልፍ ነው።

መስታወት ፈልጊ፣ የተሰበረ የፎቶ ፍሬም መስታወት ቢሆንም ይሆናል፣ ጠርዙን በፕላስተር ሸፍኝው። ባቄላ የሚያክል አክሪሊክ፣ ያ በውሃ የሚታጠበው ቀለም፣ ጣል አድርጊ። ባቄላ ነው ያልኩት! ሁሉም ሰው የሚያበዛው እዚህ ላይ ነው። በአንድ አቅጣጫ ግፊ፣ አንሺ፣ ተመልሰሽ እንደገና ግፊ። ሳታነሺ ወዲያ ወዲህ ብቻ ካልሽ ያው የጎማው አንድ ወገን ብቻ ነው ቀለም የሚይዘው። መብቃቱን በጆሮሽ ታውቂዋለሽ፤ መጀመሪያ ጭቅጭቅ ይላል፣ ሲስተካከል ቀጭን የጨስስስ ድምፅ ያወጣል። ያኔ ወረቀቱ ላይ ሂጂበት። ሁለት ቀለም ጎን ለጎን አድርገሽ ብትገፊ ደግሞ መሃሉ ላይ ተቀላቅለው ሦስተኛውን ይወልዳሉ፤ ቢጫና ቀይ አድርገሽ ሞክሪው፣ ጎህ ሲቀድ ያለውን ሰማይ በብሩሽ ከመድከም ያድንሻል።

በበጋ አዲስ አበባ አየሩ ደረቅ ስለሆነ አክሪሊኩ ሳትጨርሺ ይደርቅብሻል፣ ትንሽ ውሃ የሚረጭ ጠርሙስ አጠገብሽ ይኑር። በክረምት ግን ተመስገን ነው፣ ጊዜ ይሰጥሻል። የኮላው መድረቅ ግን ያኔ ያስለቅስሻል።

ለእንቁጣጣሽ ካርድ የማስበው እንዲህ ነው። ወረቀቱን ሙሉ ቢጫ አልብሺው። በደንብ ይድረቅ። ከስስ ወረቀት የአደይ አበባ ቅርጽ ቁረጪና ጣል ጣል አድርጊበት፣ ከላዩ አረንጓዴ በሮለር ሂጂበት። ቅርጹን ስታነሺ ቢጫው አደይ ቁጭ ብሎ ታገኚዋለሽ። ብሩሽ ከሆነ ቀለሙ ከሥር ሾልኮ ይገባል፣ ሮለር ግን ከላይ ከላይ ነው የሚሄደው። ያንኑ ቅርጽ ደግመሽ ደጋግመሽ ትጠቀሚበታለሽ፣ ብዙ ካርድ በአንድ ከሰዓት ይወጣል። ያ ሁሉ ሰፈር እየዞርን የምናየው የወንዶቹ የእንቁጣጣሽ ሥዕል፣ መልአኩና ዶሮው፣ ትዝ አለኝ። እነሱ አንድ በአንድ ነበር የሚስሉት፣ ምስኪኖች።

ጎማው ላይ ሲባጎ ወይም የብር ላስቲክ ጠምጥመሽም ቀለም አስነኪው። መስመሩ እየተደጋገመ ይወጣልሻል። ዳንቴል፣ ጆንያ፣ የተላጠ ካርቶን ከወረቀትሽ ሥር አድርገሽ ከላይ ቀለም ያለበት ሮለር ብታሳልፊ ደግሞ ጉብጉቡ ብቻ ቀለም ይይዛል። የእናትሽን ዳንቴል ግን አደራ፣ ቀለም አይንካው፣ ከሥር ብቻ ይሁን።

ከዚህ በላይ መሄድ ከፈለግሽ ጄል የሚባል ለስላሳ ሰሌዳ አለ፤ ቀለሙን በሮለር አልብሰሽ ቅጠል ትደረድሪበትና ወረቀት አስተኝተሽ ትላጪዋለሽ። ቅጠሉን ስታነሺ ደግሞ ሁለተኛ ወረቀት አሳርፊበት፣ የቅጠሉ ሥር መስመሮች ቁልጭ ብለው የሚወጡት በሁለተኛው ነው። እኔ እንደውም የመጀመሪያውን የምሠራው ለሁለተኛው ብዬ ነው። ሰሌዳው እዚህ ውድ ነው። አንቺ ግን ቤት መሥራት ትችያለሽ፤ ጄላቲን በሙቅ ውሃና በግሊሰሪን ይሟሟል፣ ዝርግ ትሪ ላይ ይፈሳል፣ ይረጋል። ግሊሰሪኑ ነው እንዳይደርቅና እንዳይሻግት የሚያደርገው። ፋርማሲ ሁሉ ይሸጠዋል፣ ፀጉርሽ ላይ የምትቀቢው ራሱ ነው። ጄላቲኑ ከእንስሳ የሚወጣ ነገር ስለሆነ በጾም ማንኪያውን እንዳትልሺ ብቻ።

የስፖንጅ ሮለር ርካሽ ነው ብለሽ እንዳትገዢ። ቀለሙን ራሱ ይጠጣዋል፣ የተረፈውን በአረፋ ነጠብጣብ ያደርገዋል። እኔ አልወደውም። ጠንካራ ጎማም አለ፣ እሱ ለእንጨትና ለሊኖሊየም ይሻላል፤ የላኩልሽ ለስላሳው ነው፣ እኩል ባልሆነ ወረቀት ላይም ይተኛል።

ስትጨርሺ ወዲያው ቧንቧ ጋ አትሩጪ። የተረፈውን ቀለም ቆሻሻ ወረቀት ላይ፣ ወይም የድሮ የመጽሐፍ ገጽ ላይ እያንከባለልሽ ጨርሺው። እነዚያን አትጣያቸው። ሳታስቢ የገፋሽው ስለሆነ አስበሽ ከሠራሽው ብዙ ጊዜ ይበልጣል፤ እኔ ለጀርባ የምጠቀመው እነሱን ብቻ ነው፣ ባለ ንድፍ ወረቀት ከገዛሁ ቆየሁ። ከዚያ ሳይደርቅ በሳሙናና በውሃ እጠቢው። ቲነር እንዳታስነኪው፣ ጎማውን ይበላዋል። ስታስቀምጪው በጀርባው አስተኚው፣ ጎማው ጠረጴዛ እንዳይነካ፤ ተጭኖት ከቆየ አንድ ወገኑ ጠፍጥፎ ይቀራል፣ ከዚያ ወዲያ በዞረ ቁጥር መስመር ይተውብሻል። ፀሐይ ላይም አታድርጊው።

ልጅቷ ስትመለስ ሻንጣዋ ባዶ ነው ብላኛለች። የድሮ አዲስ ዘመን ጋዜጣ ካገኘሽ ላኪልኝ፣ ማስታወቂያ ያለበት ገጽ ይሻለኛል፣ ፊደሉ ትልልቅ ነው። እዚህ ፎቶ ኮፒ አስነስቼ እሠራበታለሁ። በርበሬም የምትልኪ ከሆነ፣ እንደምትልኪ አውቃለሁ፣ ጋዜጣውን ለብቻው በፌስታል ቋጥሪልኝ፤ ባለፈው ከቤት የመጣልኝ መጽሐፍ እስካሁን ያስነጥሰኛል።

የመጀመሪያውን ካርድ ፎቶ አንሺና ላኪልኝ። ከቅርብ አንሺው፣ ጠርዙን ማየት እፈልጋለሁ።

ያንቺው